እንጨት የሚታየው ከጫፉ ነው

አባቴ እንጨት ሲገዛ ርዝመቱን አስቀድሞ አያይም ነበር። አጠና ተራ፣ ገና ከአይሱዙው ያልወረደውን የባሕር ዛፍ ክምር ከኋላ በኩል ይጠጋና የተቆረጡትን ጫፎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። አንዳንዱን ጠጋ ብሎ ያሸተዋል። አንዳንዱ ላይ ጥፍሩን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ጥልቀቱን ይለካል። ባለ መኪናው ይቸኩላል፤ "ምን ያዩበታል ጋሼ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ነው እኮ!" ይለዋል። አባቴ አይመልስለትም። ለእኔ ግን ዝቅ ብሎ "ልጡን ተወው፤ ጫፉን እይ" ይለኛል። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ኋላ ነው የምውለው።

ጫፉ ብዙ ይነግረው ነበር። ትናንት የተቆረጠ እንጨት ጫፉ እርጥብና ፈካ ያለ ነው፤ ሰንበት ያለው ከእምብርቱ ተነስቶ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል። በመጥረቢያ የተቆረጠው ይሾላል፣ በመጋዝ የተቆረጠው ለጥ ይላል። እምብርቱ መሃል ላይ ካልሆነና ወደ አንድ ወገን ከሸሸ፣ ዛፉ ተዳፋት ላይ አዘንብሎ ያደገ ነው። እንዲህ ያለው አጠና ሲደርቅ ይጎብጣል፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ይዞት ይጎብጣል። አባቴ ይህን እየለየ ወደ ጎን ያስቀምጥና ለአጥር ይሸጠው ነበር። ለቋሚ ሲሸጠው አይቼው አላውቅም።

አሁን የምኖረው ሲያትል ነው። ማታ ከሥራ ተመልሼ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ ጋራዥ ውስጥ ካለው ጠረጴዛዬ ፊት እቀመጥና 14 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ግንድ አንስቼ ጫፉን በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ። ግንዱን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ሞዴል ባቡር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። እውነተኛውን ባቡር፣ ሐዲዱን፣ ተራራውን፣ ዛፉን፣ ሰዉን ሁሉ በአንድ ልክ አሳንሶ መሥራት ነው። እኔ የምሠራበት ልክ ኤች ኦ ይባላል፤ ማንኛውም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በዚህ ልክ አንድ ሰው ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ብዙው ሰው ከተማ ይሠራል፣ ወይም የመንገደኛ ባቡር ይሠራል። እኔ ከአምስት ዓመት ወዲህ የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ከሲያትል በስተምሥራቅ ባሉት የካስኬድ ተራሮች ግርጌ ግንድ ያመላልስ የነበረ የጫካ ባቡር። ለገሃር አካባቢ ያደገ ሰው ባቡሩን ስለሚወድ ይጀምረው ይሆናል። እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ የሳበኝ እንጨቱ ነው።

ይህ የምኖርበት አገር እንጨት ነው ያቆመው። በ1900 ዋየርሃውዘር የተባለው የእንጨት ከበርቴና ሸሪኮቹ ከኖርዘርን ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ላይ 900,000 ኤከር ደን በኤከር 6 ዶላር ሒሳብ ገዙ። ዛፎቹ እንደኛ ባሕር ዛፍ በሰው ትከሻ የሚነሱ አልነበሩም፤ አንዱ ግንድ ብቻ አንድ ፉርጎ የሚሞላበት ጊዜ ነበር። በሬ አልቻለውም፣ ፈረስም አልቻለውም። ስለዚህ ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡሩ ራሱ ጫካ ውስጥ ገባ። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ሼይ የተባለው የእንፋሎት ባቡር ነው። ኢፍሬም ሼይ የሚሺጋን እንጨት ቆራጭ ነበር፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1881 ነው። ሲሊንደሮቹ በቀኝ ጎኑ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ማሞቂያው ሚዛን እንዲጠብቅ ወደ ግራ ተገፍቷል፤ ጉልበቱ በዘንግና በጥርስ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ይደርሳል። አዝጋሚ ነው፤ ሰው በእግሩ ሊቀድመው ይችላል። ግን ሌላው ባቡር የማይሞክረውን ዳገት ይወጣል። ኦሃዮ ውስጥ ላይማ በምትባል ከተማ እስከ 1945 ድረስ ከ2,700 በላይ ተሠርተዋል። እኔ ያለኝ አንድ ትንሽ ሼይ ነው፤ ያገለገለ፣ ከገበያ ላይ የገዛሁት።

ባቡሩን ይዤ ግንድ ፍለጋ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ጭነት የሠራሁት ጎረቤቴ ከገረዘው የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ጣት የሚያህሉትን መርጬ፣ በመቀስ እኩል እኩል ቆርጬ፣ ፉርጎው ላይ ደረደርኩና ባቡሩን አስነሳሁ። ባቡሩ ሲዞር ልቤ አልሞላም። ቅርፊታቸው እውነተኛ ቅርፊት ነው፣ እንጨታቸውም እውነተኛ እንጨት ነው፤ ሆኖም የሚታየኝ ጭራሮ የጫነ ፉርጎ ነበር። ማገዶ ለቀማ የሄደች ልጅ በጀርባዋ አዝላው የምትመጣውን ዓይነት። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሦስት ሌሊት አሰብኩበት። እውነተኛ እንጨት እንዴት እውነተኛ ግንድ አይመስልም?

መልሱ ግማሹ ሒሳብ ነው። በኤች ኦ ልክ አንድ ጫማ 3 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ አገር ምዕራብ ግንድ ብዙውን ጊዜ በ40 ጫማ ነበር የሚቆረጠው፤ ያ 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አምስት ጫማ ውፍረት ያለው ግንድ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ደረት አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። እኔ የጫንኩት ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ በውፍረቱ ብዙም አላነሰም። ያነሰው ቅርፊቱ ነው። ዳግላስ ፈር የሚሉት ታላቁ የዚህ አገር ዛፍ ሲያረጅ ቅርፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይወፍራል፤ ቦዩ ውስጥ የሰው እጅ ይገባል። ስኖኳልሚ የሚገኘው የባቡር ሙዚየም የሄድኩ ቀን፣ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ግዙፍ ግንድ አየሁ፤ ቆሜ በመዳፌ ስለካው ቆየሁ። ያንን ቅርፊት ለ87 ሲያካፍሉት ከ3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። 17 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ቅርንጫፍ ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ቦይ ያለው ቅርፊት የሚያበቅል ዛፍ እኔ አላገኘሁም። ቅርንጫፍ ልጅ ነው፤ የልጅ ቆዳ ነው ያለው። የሽማግሌ ቆዳ ስጡኝ ብሎ መለመን አይቻልም፤ መቅረጽ ነው።

(ለቀይ ዝግባ የሚሆን ግን አግኝቻለሁ። ከካስኬድ ተራሮች ማዶ፣ ዝናብ በማይደርስበት በደረቁ የኤለንስበርግ አካባቢ፣ ሴጅብራሽ የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል። ልጡ በረዣዥሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል። የምዕራቡ ቀይ ሲዳር፣ እኔ ቀይ ዝግባ የምለው፣ ቅርፊቱ ልክ እንዲህ ነው። እሱን ደረቁን ቆርጬ እንዳለ እጠቀምበታለሁ።)

ለዳግላስ ፈር የምጀምረው ባልሳ ከሚባለው ለስላሳ እንጨት ነው። አራት ማዕዘኑን በምላጭ አድቦለቡለዋለሁ፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ትንሽ እንዲቀጥን አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ዛፍ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል፤ ከሱቅ የተገዛ ድብልብል ዘንግ ግንድ የማይመስለው አንዱ ምክንያት ዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑ ነው። ከዚያ ጥርሱ ሻካራ የሆነ የመጋዝ ምላጭ እወስዳለሁ፤ አልቆርጥበትም፣ በቁመቱ እጎትተዋለሁ። መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ጫን ብዬ። መጋዙ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚያወጣው፤ እንዲሁ ከተውኩት የተጠቀጠቀ ሸንበቆ ይመስላል። ስለዚህ በቢላዋ ጫፍ መስመሮቹን እያገናኘሁ፣ እዚህ እየዘጋሁ፣ እዚያ እየከፈትኩ እሄዳለሁ። የዳግላስ ፈር ቦዮች በረጅሙ ይወርዱና ይጋጠማሉ፣ መልሰው ይለያያሉ፤ በመሃላቸው ጫፉ የሾለ ረጅም ደሴት ይተዋሉ። ደሴቶቹ በቁመት እኩል መሆን የለባቸውም። እጄ ሲደክም ሳላውቀው እኩል እያደረግኳቸው እመጣለሁ፤ ያኔ አቆማለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ። በመጨረሻ በሽቦ ብሩሽ በቁመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አሻሸዋለሁ፤ ሹል ሹሉ ይሰበራል፣ ሳጋቱራው ይራገፋል፣ ድንገት ቅርፊት ይሆናል። ያቺን ቅጽበት እወዳታለሁ። ለአንድ ግንድ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል፤ አንድ ፉርጎ ሦስት ግንድ ይጭናል፤ ፉርጎዬ ስምንት ነው።

ቀለሙ ቀላል ነው። ጥቁር ቀለም በአልኮል አቅጥኜ አፈስበታለሁ፣ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፤ ሲደርቅ ጉብ ጉቡን በደረቅ ብሩሽ በግራጫና በቡኒ እነካካዋለሁ። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በአጠገቡ አይለፍ።

ይህን ሁሉ አድርጌ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግንዶች ፉርጎው ላይ ጫንኩ። ከጎን ሳያቸው አማሩ። ባቡሩ ታጠፈና የፉርጎው ኋላ ወደ እኔ ዞረ፤ ሦስት ክብ ነጭ የባልሳ ጫፍ አፈጠጠብኝ። ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ለሳምንታት ልጡን ስሠራ ኖሬ ጫፉን አልነካሁትም።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሠሩትን ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ጫፉ ላይ ቀለበት ይሥላሉ። ግንዱን ድሪል አፍ ውስጥ አስረው ቀስ ብለው እያዞሩ የተቀረጸ እርሳስ ጫፉ ላይ ያስጠጋሉ፤ አሥር አሥራ ሁለት የተስተካከለ ክብ ይወጣል። የሚያምር ነገር ነው፤ በእኔ ዓይን ግን ስህተት ነው። አምስት ጫማ የሚወፍር፣ 400 ዓመት የቆየ ዛፍ ውሰዱ። ከእምብርቱ እስከ ቅርፊቱ 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ400 ቀለበት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ያንን ለ87 አካፍሉት፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት። የራስ ፀጉር እንኳ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። በ87ኛ ልክ የዓመታት ቀለበት በሰው ዓይን አይታይም፤ አሥራ ሁለት ቀለበት የተሣለበት ግንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ አምስት ጫማ ወፍሮ። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። መሃሉ ቀላ ያለ ሰፊ ልብ፣ ዙሪያውን ፈካ ያለ ቀጭን እንጨት፣ ከዚያ የቅርፊቱ ጥቁር ጠርዝ። ሦስት ቀለም። ድንበራቸው ደግሞ ንጹሕ ክብ አይደለም።

እምብርቱን መሃል ላይ አላደርገውም። የካስኬድ ዛፎች ተዳፋት ላይ ነው ያደጉት፤ ጥድ መሰል ዛፍ ተዳፋት ላይ ሲያዘነብል በታች በኩል አብዝቶ ይወፍራል፣ እምብርቱም ወደ ዳገቱ በኩል ተጠግቶ ይቀራል። ስለዚህ የቀላውን ልብ በትንሹ ወደ አንድ ጎን አሸሸዋለሁ። ከሦስት ግንድ ሁለቱን እንዲህ አድርጌ አንዱን እተወዋለሁ።

ይህን የማየው ከፎቶግራፍ ነው። ዳሪየስ ኪንዚ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፤ ወደዚህ ወደ ዋሽንግተን ግዛት በ1889 መጣና ከዚያ በኋላ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል የእንጨት ቆራጮችን ካምፕ እየዞረ አነሳ። ካሜራው ትልቅ፣ ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት ከባድ ነበር። ባለቤቱ ታቢታ ቤት ሆና ፎቶውን ታጥብ ነበር፤ ምስሎቹ ዛሬ ድረስ ጥርት ብለው የቆዩት በሁለቱም እጅ ነው። ስብስቡ አሁን ቤሊንግሃም ከተማ ዋትኮም ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በነዚያ ፎቶዎች ላይ ሰዎቹ ጢማቸውን አስተካክለው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው፣ በተቆረጠው ግንድ ፊት ይቆማሉ፤ እኔ አጉሊ መነጽር ይዤ ከኋላቸው ያለውን ጫፍ አያለሁ። በረጅሙ የሁለት ሰው መጋዝ የተቆረጠ ነው፤ ለጥ ያለ። የዛፉ የታችኛው ግንድ ከሆነ ግን አንደኛው ወገን በሰያፍ የተጠረበ ነው፣ የመጥረቢያው ጥርብ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዛፉ ወደሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ አፍ ይከፍቱለታል፤ ያ ተዳፋት ፊት ከግንዱ ጋር ይሄዳል። ከኋላ በመጋዝ ይመጡበታል። ዛፉ ሲያጋድል መሃል ላይ ሳይቆረጥ የቀረችው ቀጭን ማጠፊያ ትበጠሳለች፤ ጭረቷ እንደ ብሩሽ ፀጉር ተነስቶ ይቀራል። እኔም የታች ግንድ ስሠራ ጥርቡን በቢላዋ፣ ለጡን በመጋዝ፣ መሃሉን ደግሞ እንጨቱን በጥርሴ ይዤ እስኪሰነጠቅ ጎትቼ ነው የማወጣው። በመሣሪያ ሞክሬዋለሁ፤ እንደ ጥርስ የሚሆን የለም።

ቁስሉም አለ። ግንድ ከጫካ እስከ ሐዲድ የሚመጣው በሰላም አይደለም። በ1881 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዩሪካ ላይ ጆን ዶልቢር የሚባል ሰው የእንፋሎት መጎተቻ ሠራ፤ ዶንኪ ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ግንዱ በገመድ ታስሮ ጉቶ ለጉቶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ ይጎተት ነበር። ስለዚህ አንዱ ጎኑ ቅርፊቱ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ገመዱ የያዘው ቦታ ዙሪያውን ተልጦ ይቀራል፤ ጭቃው በተጎተተበት አቅጣጫ ተስቦ ይደርቃል። የጭቃው መስመርና የልጣጩ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። ይህን ሳላስተውል የሠራሁትን አንድ ሙሉ ጭነት አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ።

አንድ ክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ የፖም ቅርንጫፎች ጥቂቱን ከሠራሁት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ጀርባ እንደ ወዳደቀ እንጨት በትኜ ትቼ ነበር። ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ከሥራቸው ዱቄት የሚመስል ነገር ተከምሮ አየሁ። ጠራረግኩት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አንዱን አንስቼ ጫፉን ሳየው መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አለበት፤ ብል ገብቶበታል፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው የእንጨት ወለል ተሻግሯል። የስምንት ወር ሥራ የሆነውን ጣቢያ ከነወለሉ ነቅዬ ጣልኩት። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የገባ ማንኛውም እንጨት ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ጠረጴዛዬ ላይ አይወጣም። ባለቤቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን ምድጃው ውስጥ ዳቦ ይሁን እንጨት ይሁን ሳትጠይቅ በጠረኑ ትለየዋለች።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ግንድ በካልሲ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ ሱቁን ከተወ ቆይቷል፣ እህቴ ጋ ነው የሚኖረው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት መርቆ ከሄደ በኋላ አወጣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ስለ ሥራው በስልክ ነግሬው አውቃለሁ፤ ያኔ "እሺ፣ ጥሩ ነው" ብሎ ነበር ያለፈው።

መነጽሩን አደረገ። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቅርፊቱን አላየውም፤ ያን ሁሉ የአንድ ሰዓት ተኩል ቅርጽ አገላብጦ አለፈውና ግንዱን አቁሞ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አዞረው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አውራ ጣቱ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።

"ይሄ ገደላ ገደል ላይ ነው ያደገው" አለ።

እኔ መናገር አልቻልኩም።

"መጋዝ ነው። እዚህ ጋ ግን መጥረቢያ ነው" አለ ቀጥሎ፣ በጥፍሩ እያሳየኝ። "መጣያው ነው አይደል? በዚህ በኩል ነው የወደቀው።"

"አዎ አባዬ። እሱ ነው።"

"አልተሰነጠቀም። ከተቆረጠ ስንት ቀኑ ነው?"

ስንት ቀኑ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። "ሦስት ቀን" አልኩት።

"ዝናብ አገር ነው ያልከኝ?"

"ዝናብ ነው፣ ዘጠኝ ወር።"

"እንግዲያው አይሰነጠቅም" አለና ራሱን ነቀነቀ። ግንዱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ትንሽ ቆይቶ ዞር ብሎ አየኝ፦ "ጉቶውስ?"

ጉቶ አልሠራሁም ነበር። ተራራዬ ላይ በአረንጓዴ ስፖንጅ የተሸፈነ መሬት አለ፣ የቆሙ ዛፎች አሉ፣ ሐዲድ አለ፣ ግንድ የጫኑ ስምንት ፉርጎዎች አሉ። እነዚያ ሃያ አራት ግንዶች የተቆረጡበት አንድ ጉቶ እንኳ የለም። አልሠራሁም ስለው ዝም አለ። ለባሕር ዛፍ ነጋዴ ጉቶ ዋናው ሀብት ነው። የቆመ ደን ገዝቶ የሚቆርጥ ሰው መሬቱን ለባለቤቱ የሚመልሰው ከነጉቶው ነው፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደገና አጠና ይሆናል። አዲስ አበባ ራሷ በዚህ ነው የቆመችው። የእንጦጦ ጥድ ሲያልቅ ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትሄድ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገ፣ ተቆረጠ፣ መልሶ አቆጠቆጠ፣ ከተማዋም እዚሁ ቀረች።

"የነሱ ያቆጠቁጣል?" አለኝ።

"አያቆጠቁጥም አባዬ። ከዘር ነው እንደገና የሚበቅለው።"

"ያ ሁሉ ዛፍ?"

"ያ ሁሉ።"

መነጽሩን አወለቀ። "እንግዲያው ጉቶው እንዳለ ቁጭ ብሏላ" አለ።

እውነቱን ነው። በሲያትል ዙሪያ ባሉ ደኖች ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት የተቆረጡ ጉቶዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ልጆቼን ይዤ ስንት ጊዜ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። በጎናቸው እንደ ዓይን ሁለት ጉድጓድ አለባቸው። የዛፉ ሥር አካባቢ ያበጠና በሙጫ የተሞላ ስለነበር ቆራጮቹ ከፍ ብለው መቁረጥ ይመርጡ ነበር፤ ስለዚህ ግንዱን በመጥረቢያ ይቦረቡሩና አፉ ብረት የሆነ ሳንቃ ሰክተውበት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ በሳንቃው ላይ ቆመው መጋዙን ይስቡ ነበር። ጉድጓዶቹ የዚያ ሳንቃ ማረፊያ ናቸው። ኪንዚም ፎቶ ለማንሳት እንዲህ ያለ ጉቶ ላይ ይወጣ ነበር፤ በ1940 ከአንዱ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ አዲስ ግንድ መሥራት አቆምኩ። አንድ ወፍራም ባልሳ ወስጄ ሙሉ ዛፍ አድርጌ ቀረጽኩት፤ ከታች ያበጠ፣ ቅርፊቱ ከሥር የወፈረ። በጎኑ በቢላዋ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጉድጓድ አወጣሁለት፣ በሌላው ጎኑም አንድ። ከዚያ ከጉድጓዶቹ ከፍ ብዬ በሚወድቅበት በኩል አፉን በቢላዋ ከፈትኩ፤ ተዳፋቱ ከላይ፣ ለጡ ከታች። ዞሬ ከኋላ በቀጭን መጋዝ ገባሁ። መሃል ላይ የወረቀት ያህል ሲቀረኝ መጋዙን አወጣሁና በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ገፋሁት።

ተሰበረ። ድምፁ በጣም ትንሽ ነበር። ጭረቱ ግማሹ ግንዱ ላይ፣ ግማሹ ጉቶው ላይ ተነስቶ ቀረ። በሁለቱም ፊት ላይ የቀላውን ልብ ሣልኩ፤ እምብርቱን በሁለቱም ላይ ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ዳገቱ። ግንዱ አሁን በሦስተኛው ፉርጎ ላይ ነው፣ ከላይ በኩል። ጉቶው ከሐዲዱ በስተግራ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁመት ይዞ ቆሟል። ባቡሩ በዚያ ሲያልፍ የግንዱ ጫፍና የጉቶው ፊት ለአንድ አፍታ ይተያያሉ። ሃያ ሦስት ጉቶ ይቀረኛል።